ወራጅ አለ?

ሚልተን ኤቼባርኔ ሠላሳ አምስት ዓመት አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ በወጣ ዕለት ለሚስቱ ለኔሊዳ ቃል ገባላት። «ከእንግዲህ የምጭነው አንቺን ብቻ ነው» አላት። ኔሊዳ በቃል የምትደለል ዓይነት ሴት አይደለችም። «እስቲ እናያለን» ብላ ማቴዋን፣ ያንን መራራ የቅጠል ሻይ፣ መምጠጧን ቀጠለች። ግን ደስ ብሏት ነበር።

እውነቱን ለመናገር የተበደለችው እሷ ናት። ባሏ ከሚናስ ከተማ ተነስቶ ወደ ሰሜን በሚወጣው የገጠር መስመር ላይ የሰው እናት፣ የሰው ሚስት፣ የሰው ዶሮ ሳይቀር ሲያመላልስ ኖረ። እሷ ግን አንድ እሑድ እንኳ አጠገቡ ተቀምጣ ሽርሽር ወጥታ አታውቅም፤ እሑድ የእሱ ተራ ነበርና። ሌላው ሰው ከቤተሰቡ ጋር የእሑድ ምሳውን፣ ሥጋ የተሞላ ፓስታ ራቪዮሊውን፣ ሲበላ፣ እሷ የእሱን ድርሻ በሳህን ከድና መስኮቱ አጠገብ ትቀመጥ ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት አንድም ቀን አላማረረችም። ያላማረረ ሰው ግን የረሳ ሰው ነው ብሎ የሚያስብ ሞኝ ነው፤ ሚልተን ደግሞ ሞኝ አልነበረም።

ስለዚህ ከአባቱ የወረሳትን ቁራሽ መሬት ሸጠና አሮጌ መኪና ገዛ። የአገሩ ሰው ካቺላ የሚላት ዓይነት ጥንታዊ መኪና ናት፤ የሃምሳ አንድ ሥሪት፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ የፊት መብራቶቿ የተገረመ ሰው ዓይን የሚመስሉ። የሟች የእንስሳት ሐኪም ንብረት ነበረች፤ የሸጠችለትም ልጁ፣ ዶኛ ኦፌልያ የምትባል የከሳች ሴት ናት።

«የጋቢናው በር አይከፈትም» አለችው ቁልፉን ስትሰጠው። «አባቴ ነው ያስበየደው።»

«ለምን?»

«እንጃ። ስንጠይቀው ይቆጣ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ እንደዚሁ ነዳት። እንዳለች ይተዋት፣ ዶን ሚልተን። እኔም አላስነካኋትም።»

ሚልተን ሽማግሌው የበር ማሰሪያ መግዣ ሰስቶ ነው ብሎ ገመተ። የእንስሳት ሐኪም ሆኖ የማይሰስት የት አለ?

አሮጌ መኪና በጡረታ ዘመን የያዘ ሰው የሚያውቀው ደስታ አለ። ጠዋት ኮፈኑን ከፍቶ ዘይቱን መለካት፣ የኔሊዳን ያረጀ የውስጥ ልብስ ቀዶ ክሮሙን መወልወል፣ ሞተሩ ሲነሳ መጀመሪያ እንደ ሽማግሌ ስሎ ከዚያ ድምፁን ሲያስተካክል መስማት። በመንገድ ያለ ሰው ሁሉ እጁን ያወዛውዝልሃል፤ ሠላሳ አምስት ዓመት «ምነው ዘገየህ!» ሲባል ለኖረ ሾፌር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ወጪውም የዚያኑ ያህል ነው። ካርቡሬተሩ ከቦነስ አይረስ መጣ፤ ጎማዎቹ ከየት እንደመጡ እግዜር ይወቅ፤ የኔሊዳ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ከተበላሸ ስምንት ወር ሆኖት እሷ በእጇ ታጥባለች። «መኪናዋ ከኔ ይልቅ አዲስ ቀሚስ አላት» ትላለች፣ ግን እሑድ ሲደርስ ከሁሉ ቀድማ የምትለብሰው እሷ ናት።

ችግሩ መግባቱ ላይ ነበር። በሩ ስለተበየደ ኔሊዳ በሾፌሩ በኩል ገብታ፣ በመሪው ሥር ሾልካ፣ ማርሹን ተሻግራ ወደ ጋቢናው መንሸራተት ነበረባት። ስድሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ዳሌዋም ያማታል።

«አንተ ሽማግሌ፣ ግፋኝ እንጂ! ቆመህ ታየኛለህ እንዴ?»

«የት ልግፋሽ?»

«አሁን ደግሞ ታፍራለህ? አራት ልጅ ወልደንም?»

በመጨረሻ ጋቢናው ላይ ስትደላደል ቀሚሷን ታስተካክልና እንደ ንግሥት ፊት ለፊቷን ታያለች። ሚልተን ያችን ደቂቃ ይወዳታል። ስምንት እሑድ እንደዚህ አለፈ፤ የሁለቱም ምርጥ ስምንት እሑዶች።

ከዚያ የአሮጌ መኪና ባለቤቶች ክበብ መጣ። ክበቡ መኪናህ ከፋብሪካ እንደወጣች መሆኗን ካረጋገጠ የናስ ሰሌዳ ይሰጥሃል፤ ሰሌዳው ካለህ ደግሞ ቦሎ አትከፍልም። መርማሪው አርቱሮ ቤንታንኩር የሚባል፣ ጡረታ የወጣ ፋርማሲስት ነው። አጉሊ መነጽር ይዞ መጥቶ ሁለት ሰዓት ሙሉ ብሎኑን ሁሉ አንድ በአንድ አየ። በሩ ጋ ሲደርስ ፊቱ ተኮሳተረ፤ ሰው የሞተበት ነው የሚመስለው።

«ይሄ ብየዳ ከፋብሪካ አልመጣም፣ ዶን ሚልተን።»

«አዎ፣ የበፊቱ ባለቤት ነው።»

«የበፊቱ ባለቤት ኃጢአት ለአሁኑ ባለቤት ይተርፋል። ያስቆርጡት፤ የዚያን ቀን ሰሌዳውን በእጄ እመታልዎታለሁ።»

እዚህ ክበብ ውስጥ ያሉ ሰዎች አንድ በሽታ አለባቸው፤ ከፋብሪካ ያልመጣ ነገር ሁሉ ጥፋት ይመስላቸዋል። ሰው ያንን ነገር እዚያ ያደረገው ለምን ይሆን ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሚልተንም አልጠየቀም። ለኔሊዳ ዳሌም ይሻላል ብሎ አሰበ፤ እንዲያውም በዋናነት ያሰበው ስለ እሷ ነበር። መካኒኩ ፖቾ አንድ ረቡዕ ረፋድ ላይ ብየዳውን ቆረጠው፣ ማሰሪያውን ቀየረው፣ ቀባው። በሩ እንደ ቅቤ ይከፈትና ይዘጋ ጀመር።

ሚልተን ኔሊዳን እሑድ ሊያስደንቃት ፈልጎ ምንም አልነገራትም። ከምሳ በኋላ ከተማው ሁሉ ተጋድሞ እያለ በሩን ሊሞክር ብቻውን ወጣ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። በድሮው መንገድ፣ በተዘጋው የድንጋይ መፍለጫ በኩል ሄደ። መጠምዘዣው ላይ አንዲት ሴት ቆማ እጇን ዘረጋች።

የሾፌር እግር ባለቤቱን አያማክርም። ሚልተን ገና ሳያስብ ፍሬኑ ተይዞ ነበር። ሴትዮዋ በዚያ ሙቀት ግራጫ ካፖርት ለብሳለች፤ ትንሽ ሻንጣ ይዛለች። ጎንበስ ብሎ በሩን ከፈተላትና «ይግቡ፣ እመቤት» አለ፤ በቀን መቶ ጊዜ ይለው እንደነበረው። ቀና ሲል ማንም የለም። ግራና ቀኝ አየ። ዳር ያለው ሣር ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ነፋስ የሚባል የለም። የፀሐይ ነገር ነው ብሎ በሩን ሊስብ እጁን ሲዘረጋ በሩ ራሱ ተዘጋ። አልተወረወረም፤ ጨዋ ተሳፋሪ እንደሚዘጋው ቀስ ብሎ ነው የተዘጋው።

መኪናዋም በቀኝ በኩል ዝቅ አለች።

ሾፌር ተሳፋሪ መግባቱን ለማወቅ መስታወት አያስፈልገውም፤ በመቀመጫው ሥር ይሰማዋል። ሚልተን በሠላሳ አምስት ዓመት ውስጥ ይህን ስሜት ስንት መቶ ሺህ ጊዜ አውቆታል። አሁንም አወቀው። የጋቢናውን ወንበር ሳያይ ማርሽ አስገባና ቤቱ ደረሰ። ጋራዡ ውስጥ አቆማትና ወርዶ ከኋላ አያት። በቀኝ በኩል እንደተጫነች ነበረች።

ፖቾ ሁለቱን ባሌስትራ አወረደ፣ ለካ፣ መልሶ አሰረ። «ሁለቱም እኩል ናቸው። ሬሳ ደብቀው እየዞሩ ካልሆነ ሌላ አልገባኝም፣ ዶን ሚልተን» ብሎ ሳቀ። ሚልተን አልሳቀም። የቀኙ የፊት ጎማ በአንድ ወር ተበላ። ቤንዚኑም ሁለት ሰው እንደጫነ መኪና ያልቅ ጀመር።

ብየዳው ከተቆረጠ በኋላ በመጀመሪያው እሑድ ኔሊዳ በሩ መከፈቱን ስታይ አጨበጨበች። ባሏን እመንገድ ላይ፣ ጎረቤት እያየ ሳመችው። ከዚያ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ልትገባ አንድ እግሯን አነሳች። እግሯ አየር ላይ ቀረ። ትንሽ ቆየችና መለሰችው፤ በሩን ቀስ አድርጋ ዘግታ የኋላውን ከፍታ ከኋላ ተቀመጠች።

«ምነው?» አላት።

«ሰው አለበት» አለች ኔሊዳ። ከአፏ ከወጣ በኋላ ራሷም ደነገጠች። «ምን ማለቴ ነው? እኔ እንጃ፣ ሚልተን። ቀዝቃዛ ነው። ዝም ብለህ ንዳ።»

ነዳ። በመስታወቱ ያያታል፤ ከኋላ እንደ ተከራይ ቁጭ ብላለች። ይህ ነገር ከጋቢናው ቅዝቃዜ ይልቅ አንጀቱን በላው።

በሦስተኛው እሑድ ኔሊዳ ተናገረችው። ጣቶቿን ሳሙና በልቷቸው ቀልተዋል። «ዕድሜ ልክህን አጠገብህ ሌላ ሰው ተቀምጧል፤ ሥራ ነው ብዬ ቻልኩት። አሁንስ? ቃል ገብተህልኝ ነበር። ወይ እሷ ትውረድ፣ ወይ እኔ ቤቴ እቀመጣለሁ።»

«እሷ» አለች። ሚልተን ስለ ሴትዮዋ ለማንም አልነገረም ነበር።

ያን ዕለት ነው ለዶኛ ኦፌልያ የደወለላት። ነገሩን ሳይጨርስ አቋረጠችው።

«በሩን ከፈቱት?»

«አስከፈትኩት።»

 «አባቴ እኮ የበየደው በሩ እየተከፈተ አስቸግሮት አልነበረም» አለች። «እንዳትገባበት ነው።»

«ማን?»

«እሱን አልነገረንም። መፍለጫው ጋ ሲደርስ ብቻ አንገቱን ቀጥ አድርጎ ይነዳ ነበር።»

«መልሼ ባስበይደውስ?»

«ምን ነካዎት፣ ዶን ሚልተን? አሁን እኮ ውስጥ ናት።»

ስልኩን ከዘጋ በኋላ ሚልተን ጋራዡ ውስጥ ወንበር ስቦ መኪናዋ ፊት ተቀመጠ። ልሸጣት ብሎ አሰበ። ለማን? ተሳፋሪ ያለበትን መኪና ለሌላ ሰው አስረክቦ የሚሄድ ምን ዓይነት ሾፌር ነው? ቤንታንኩር የናሱን ሰሌዳ በዚያው ሳምንት አምጥቶ መትቶለት ነበር፤ እያብረቀረቀች አስጠላችው። ፈርቶ ነበር፤ ፍርሃቱ ግን ከሙያው አልበለጠም። የተሳፈረ ሰው የሚወርድበት ቦታ አለው። በዚያ መስመር ላይ ሰዎች በፀሐዩ እያንቀላፉ ነው የሚሄዱት፤ የፌርማታው ስም ካልተጠራላቸው አይነቁም። እሱ ደግሞ ለዚህች ሴት አንድም ፌርማታ አልጠራላትም።

በድሮ መስመሩ ሄዶ ፌርማታዎቹን ሊጠራላት ማሰቡን ለኔሊዳ ሲነግራት ትሳለቅብኛለች ብሎ ነበር። አልተሳለቀችም። «እኔም እመጣለሁ» አለች። «ስትወርድ በዓይኔ ማየት አለብኝ።»

እሑድ ራቪዮሊያቸውን በልተው፣ የመስኮቶቹን መዝጊያ አውርደው፣ ቤቱን ቆልፈው ወጡ። ኔሊዳ ቴርሞሷን ታቅፋ ከኋላ ገባች። ሚልተን ከከተማው መናኸሪያ ጀምሮ የድሮ መስመሩን ያዘ፤ የመጀመሪያው ፌርማታ ላይ ቆመና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ድልድይ! ወራጅ አለ?»

ሞተሩ ይንተከተካል። በሩ አልተከፈተም። አንድ ደቂቃ ጠብቆ ሄደ።

«የጣሊያኖቹ ሱቅ! ወራጅ አለ?» የለም። «ሦስቱ ባሕር ዛፍ! ወራጅ?» የለም። ድምፁ መጀመሪያ አፍሮ ነበር፤ አራተኛው ላይ ግን እንደ ድሮው ሞላ ብሎ ወጣ። ኔሊዳ ይህን ድምፅ ሰምታው አታውቅም። ዕድሜ ልኩን ስሟን ሲጠራ የኖረ ሰው እንዲህ ዓይነት ድምፅ እንዳለው ሳታውቅ መኖሯ አናደዳት፣ ደግሞም ደስ አላት።

አሮጌው ትምህርት ቤት ጋ አንድ ገበሬ ጥላ ሥር ተቀምጧል። መኪናዋን ሲያይ ብድግ አለ።

«ዶን ሚልተን! ተመልሰው ሥራ ጀመሩ እንዴ? እንግዲያው ጋቢናውን ለኔ!» እያለ እየሳቀ መጣና በመስኮቱ አጎነበሰ። ሳቁ ቆመ። ባርኔጣውን አወለቀና ወደ ባዶው ወንበር አንገቱን ሰበር አደረገ። «ይቅርታ፣ እመቤት። አላየሁዎትም» አለ። ከኋላ ላለችው ለኔሊዳም ሰላምታ ሰጥቶ ወደ ጥላው ተመለሰ።

ሚልተን ማርሽ አስገብቶ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ነዳ።

«አየህ?» አለች በመጨረሻ።

«አየሁ።»

«ለኔ ለምን አትታየኝም?»

«ለኔም አትታየኝም። ያየኋት የመጀመሪያው ቀን ብቻ ነው።»

መስመሩ ያለቀበት፣ አስፋልቱ ወደ ኮረት የሚለወጥበት ቦታ ደረሱ። «የመጨረሻ ፌርማታ!» አለ ሚልተን። እጁን መሪው ላይ አድርጎ አምስት ደቂቃ ጠበቀ። አንዲት ላም አጥር ላይ አንገቷን አስደግፋ አየቻቸው። ሲመለሱ ሁሉንም ደግሞ ጠራ። መፍለጫው መጠምዘዣ ላይ እንኳ ቆመ፤ እዚያ መቆም ከሁሉ ይልቅ ከብዶት ነበር። «ድንጋይ መፍለጫ! ወራጅ አለ?» ድምፁ ከተቆረጠው ዓለት ተመልሶ መጣ። መኪናዋ በቀኝ በኩል እንዳጋደለች ቀረች።

ከተማ ሲገቡ ሚልተን ትከሻው ወርዷል። ተሸንፎ ነበር፤ ኔሊዳ ከእንግዲህ አብራው እንደማትወጣ፣ መኪናዋም ጋራዥ ውስጥ ከተሳፋሪዋ ጋር እንደምትቀር ይታየዋል። የሰፈራቸውን ጎዳና ያዘ። ገና ፀሐይ ነው፤ በረንዳ ላይ ሰው የለም። ቤታቸው በር ላይ ሲቆም ኔሊዳ ከኋላ ቃተተች።

«በል እንግዲህ የኛንም ጥራና እኔ እንኳ ልውረድ፤ ወገቤ ተቆረጠ።»

ሚልተን በስንት ጊዜው ሳቀ። ይህችን ሴት ይወዳታል፤ እንዲህ ተበድላ እንኳ ታስቀዋለች። ደረቱን ነፋና በዚያ በሞላ ድምፁ ጠራ።

«ኤቼባርኔ ቤት! ወራጅ አለ?»

የጋቢናው በር ተከፈተ።

መኪናዋ ቀስ እያለች ተነሳች፤ ባሌስትራው ሲጥጥ ሲል ሁለቱም ሰሙት፤ ከዚያ እንደ ፋብሪካ ሥሪቷ ቀጥ ብላ ቆመች። በሩ በዝግታ፣ በጨዋነት ተዘጋ። የግቢው የብረት በር መቀርቀሪያ ተነስቶ ወደቀ።  የጎረቤት ውሻ አንዴ ጮኸና ድምፁን ዋጠ።

ቀጥሎ ራሳቸው ያወረዱት የወጥ ቤቱ መስኮት መዝጊያ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አለ። ከውስጥ ያለ ሰው ገመዱን ስቦ ወደ ውጭ የሚያይ ይመስል፣ እዚያ ላይ ቆመ።

«ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው» አለ ሚልተን፤ ለምን እንዳለው ሳያውቅ።

«አላስፈለጋትም።»

«ልግባና ላነጋግራት?»

«ምን ልትላት? ትኬት ልትጠይቃት?» አለች ኔሊዳ ቴርሞሷን አጥብቃ ታቅፋ። «ቤቷ ደርሳለች፣ ሚልተን። እንዴት እንደገባች አልሰማህም? አንዴ እንኳ አላንኳኳችም። ሰው ቤቱ ሲገባ ነው እንደዚያ የሚገባው።»

«የኛ ቤት ነው እኮ! አርባ ሁለት ዓመት...»

«አውቃለሁ ስንት ዓመት እንደሆነ። የቆጠርኩት እኔ ነኝ፤ ውስጡ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ።»

የውስጥ መብራት በራ። በጠራራ ፀሐይ ነበርና በስንዝሯ ክፍተት ቢጫ መስመር ብቻ ታየ። ሳህን ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ የሚሰማው ድምፅ ተሰማ፤ አንድ፣ ቀጥሎም ሁለተኛ። ሁለተኛው ለማን እንደሆነ ሁለቱም አልጠየቁም።

ኔሊዳ ከኋላ ወረደች። ሚልተን ወደ ቤቱ የምትሄድ መሰለው። እሷ ግን መኪናዋን ዞረች፣ የጋቢናውን በር ከፈተች፣ ወንበሩን በመዳፏ ዳሰሰችው። ከዚያ የሚያማትን ዳሌዋን ቀስ አድርጋ አስቀድማ ገባችና ተደላደለች፣ ቀሚሷን አስተካከለች፣ በሩን ጓ አድርጋ ዘጋችው። ጎረቤቱን ሁሉ የሚቀሰቅስ አዘጋግ ነበር።

«ንዳ» አለችው።

«ወዴት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ሾፌሩ አንተ ነህ።»

ሚልተን ፍሪሲዮኑን ረገጠ፣ አንደኛ ማርሽ አስገባ። ከኋላው ቤቱ፣ አልጋው፣ የልጆቹ ፎቶ፣ ዕድሜ ልኩን የሠራለት ነገር ሁሉ በሌላ ሰው እጅ ቀርቷል፤ ፈርቷል፣ አፍሯልም። ኔሊዳ እጇን ማርሹ ላይ ባለው እጁ ላይ ጣል አደረገች፣ እጇም እንደ በረዶ ቀዝቅዞ ነበር፣ ግን የእሷ እጅ ነው። ጎዳናውን ጨርሰው ወደ ሰፊው መንገድ ሲታጠፉ ራሱን ታዘበው፤ ደስ ብሎት ነበር።